መፋቂያው፣ ሳሙናው፣ ስኳሩ፦ ጥርስን ማን ይጠብቀዋል?

ጥርስ እንዳይበላ ምን ይሻላል ተብሎ ቢጠየቅ አዲስ አበባ ውስጥ ቢያንስ ሦስት መልስ አይጠፋም። መፋቂያ ሻጩ ከታቀፈው እስር አንዷን የወይራ እንጨት መዝዞ ያሳያል። ባለሱቁ ከመደርደሪያው ሳሙና ያወርዳል። ሐኪሙ ደግሞ ልጁ የያዘውን ከረሜላ እያየ ራሱን ይነቀንቃል። ሦስቱም አልተሳሳቱም፤ የሚመልሱት ግን አንድ ጥያቄ አይደለም። የመጀመሪያው የሚናገረው ጥርስ ላይ ስለሚጋገረው ነገር ነው፣ ሁለተኛው ስለ ጥርሱ ጥንካሬ፣ ሦስተኛው አፍ ውስጥ ስለሚኖሩት ተሕዋስያን ቀለብ። "መፋቂያ ይሻላል ወይስ ብሩሽ?" የሚለው የቆየ ሙግት መቋጫ ያጣው በአመዛኙ እነዚህ ሦስቱ ስለሚደባለቁ ይመስላል። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከትሉ እስከ አሲዱ

በአማርኛ ጥርስ "ይበላል"። ማን እንደሚበላው ቃሉ አይናገርም፤ የድሮው እምነት ግን ያውቀዋል፦ ትል ነው። እምነቱ የእኛ ብቻ አይደለም። በባቢሎን የሸክላ ጽላት ላይ ጥርስ የሚቦረቡረውን ትል የሚያባርር ድግምት ተጽፎ ተገኝቷል፤ አውሮፓም እስከ 18ኛው መቶ ዓመት ድረስ ትሉን አልተጠራጠረችም። ፈረንሳዊው ፒየር ፎሻር በ1728 ባሳተመው የጥርስ ሕክምና መጽሐፍ ውስጥ ትሉን ፈልጎ እንዳላገኘው ጻፈ፤ በምትኩ ጣቱን ወደ ስኳር ቀሰረ።

ነገሩ መልክ የያዘው በ1890 ነው። በርሊን ይሠራ የነበረው አሜሪካዊ ዊሎቢ ሚለር የአፍ ባክቴሪያዎች ስኳርና ስታርች አብላልተው አሲድ እንደሚያወጡ፣ አሲዱም የጥርሱን ማዕድን እንደሚያሟሟ አሳየ። ዛሬም መሠረቱ ይኸው ነው። የተጨመረው ምራቅ የሚሠራውን ሥራ ማወቃችን ነው። ጣፋጭ በቀመስን በደቂቃዎች ውስጥ አሲዱ ይወጣል፤ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ባለው ጊዜ ምራቅ አሲዱን አርክሶ የሟሟውን ማዕድን ወደ ጥርሱ መመለስ ይጀምራል። ስለዚህ ጥርስ አንድ ቀን በድንገት አይቦረቦርም። ቀኑን ሙሉ ይሟሟል፣ ቀኑን ሙሉ ይጠገናል፤ የሚቦረቦረው ጥገናው ማሟሟቱን መቅደም ሲያቅተው ነው። ማታ የምራቅ ፍሰት ስለሚቀንስ ጥገናውም ይዳከማል። ጠዋት ፊት ሲታጠቡ ጥርስ መፋቅ በአገራችን የጸና ልማድ ነው፤ ከመኝታ በፊት መፋቅ ግን ገና አልተለመደም። ከሁለቱ አንዱ ብቻ ይቅር ከተባለ ባይቀር የሚሻለው የማታው ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚዘለል ልዩነት አለ። የጥርስ መቦርቦርና የድድ በሽታ ሁለት የተለያዩ በሽታዎች ናቸው። የድዱ ጉዳይ በቀላሉ የተረጋገጠ ነው። ሃራልድ ሎ የተባለ ኖርዌጂያዊ ተመራማሪ በ1965 ዴንማርክ ውስጥ ጥርሳቸው ጤነኛ የሆነ 12 ሰዎች መፋቅ እንዲያቆሙ አደረገ። በሦስት ሳምንት ጊዜ ውስጥ የሁሉም ድድ አበጠ፤ መፋቅ ሲጀምሩ ሁሉም ዳኑ። በጥርስና በድድ መጋጠሚያ ላይ የሚጋገረውን ለስላሳ ነጭ ንጣፍ፣ ሐኪሞች ፕላክ የሚሉትን፣ በየቀኑ ማንሣት ድድን እንደሚያድን ከዚያ ወዲህ የሚከራከር የለም ማለት ይቻላል። ንጣፉ ሳይነሣ ከቆየ ይደነድንና ድንጋይ ይሆናል፤ ያኔ ብሩሽም መፋቂያም አይበግሩትም፣ ሐኪም ዘንድ ሄዶ ማሳጠብ ነው። ጥርስ ማሳጠብ ጥርስን ያነቃንቃል የሚለው ሥጋትም ከዚሁ ይመጣል። ድንጋዩ ድዱን አሽሽቶ አጥንቱን ካስበላ በኋላ ራሱ ጥርሱን ደግፎ ስለሚይዝ፣ ሲነሣ የተደበቀው መነቃነቅ ይገለጣል። ጥፋቱ የአጣቢው አይደለም።

መቦርቦሩ ግን ሌላ ታሪክ አለው። በ2018 የታተመ ዳሰሳ ፍሎራይድ በሌለበት የጥርስ ንጽሕናን ብቻ የፈተኑ ሙከራዎችን ሰብስቦ መረመረ። የተገኙት ሦስት ብቻ ነበሩ፤ አንዳቸውም መፋቅ ብቻውን መቦርቦርን እንደቀነሰ ማሳየት አልቻሉም። ይህ ማለት መፋቅ ከንቱ ነው ማለት አይደለም፣ ሙከራዎቹም ጥቂት ናቸው። ብሩሹ ከመቦርቦር የሚያድነን በአብዛኛው በፀጉሩ ሳይሆን በላዩ ባስቀመጥነው ነገር ሊሆን እንደሚችል ግን ይጠቁማል።

መፋቂያው

ወይራ፣ ክትክታ፣ ምስርች፤ እንደ አካባቢው ሌላም አለ። በቆላውና በምሥራቁ ደግሞ ምስዋክ ይነግሣል። ምስዋክ ከመሣሪያነት በላይ ነው፤ በእስልምና ከጸሎት በፊት አፍን ማጽዳት የተወደደ ሥርዓት ስለሆነ እንጨቱ ከነቢዩ ሱና ጋር ተሳስሯል። የሕግ ሊቃውንቱ ዝርዝር ውስጥ ሳይቀር ገብቶ፣ ጾመኛ ከቀትር በኋላ ይፋቅ ወይስ አይፋቅ በሚለው ላይ የሻፊዒ መዝሀብ ባይፋቅ ይመረጣል ሲል ሌሎች ይፈቅዳሉ። ለጥርስ ሐኪሞች የሚያስቀናው ነገር ይኸው ነው፦ የትኛውም የጤና ዘመቻ ሰውን በቀን አምስት ጊዜ አፉን እንዲያስብ አላደረገም።

መፋቂያን በሳይንስ ለመመዘን ከተደረጉት ቀደምት ሙከራዎች አንዱ የተካሄደው ኢትዮጵያ ውስጥ ነው። ስዊድናዊው ኦልሰን በ1978 ባሳተመው ጥናት የአገራችን ተማሪዎችን በመፋቂያና በብሩሽ አወዳድሮ፣ መፋቂያው የጥርስን ቆሻሻ በማንሣት ከብሩሹ እንደማያንስ፣ ወጪውም ከምንም እንደማይቆጠር ደመደመ። የዓለም ጤና ድርጅት በ1986 መፋቂያ በሚገኝባቸውና ልማድ በሆነባቸው አገሮች እንዲበረታታ መከረ።

ከዚያ በኋላ ማስረጃው ተከፋፈለ። በ1989 በምዕራብ አፍሪካ የተሠራ አነስተኛ ጥናት በመፋቂያ ተጠቃሚዎች አፍ ውስጥ ከብሩሽ ተጠቃሚዎች ይልቅ ብዙ ንጣፍና ብዙ የድድ መድማት አገኘ። በ1991 ከሳዑዲ ዓረቢያ የወጣ ጥናት ምስዋክ በሚያዘወትሩት ላይ ድድ ከጥርሱ ላይ መሸሹ በርትቶ ይታያል አለ። በተቃራኒው በ2003 የታተመ ሌላ ጥናት ሰዎቹ አጠቃቀሙን በባለሙያ ከተማሩ በኋላ ምስዋኩ ከብሩሽ የተሻለ ውጤት እንዳስገኘ አሳየ። በ2000 የተሰባሰቡ ባለሙያዎችም በአፍ ንጽሕና ላይ ባወጡት የጋራ ሰነድ፣ የ1986ቱን ምክር ሳይሽሩ፣ ስለ መፋቂያ ተጨማሪ ጥናት ያስፈልጋል ብለው አለፉት።

እነዚህ ውጤቶች እርስ በርስ የሚጣሉት ላይ ላዩን ሲታዩ ነው። አንደኛ፣ "መፋቂያ" አንድ ነገር አይደለም። ምስዋክ ውስጥ ቤንዚል አይሶታዮሳያኔት የሚባል፣ የሰናፍጭ ዓይነት ማቃጠል ያለው ባክቴሪያ ገዳይ ቅመም አለ፤ በ2011 ስዊድን ውስጥ የሠሩ ተመራማሪዎች ይህንኑ አረጋግጠዋል። ያ ማለት ግን ወይራም ክትክታም ያው ቅመም አላቸው ማለት አይደለም፤ የየራሳቸው ሌላ ኬሚስትሪ አላቸው። በቤተ ሙከራ ሳህን ላይ ባክቴሪያ የገደለ ጭማቂ ደግሞ ምራቅ ባለበት አፍ ውስጥ እዚያው ይሠራል ብሎ መደምደም አይቻልም። ሁለተኛ፣ መፋቂያ አቅጣጫው እንደ እርሳስ ቀጥ ያለ ነው። የፊት ጥርስን ውጫዊ ገጽ አሳምሮ ያጸዳል፤ የመንጋጋን ውስጠኛ ጎን፣ ወደ ምላስ የዞረውን፣ ለመድረስ ግን እጅ መጠምዘዝን ይጠይቃል። ሦስተኛው ለመፋቂያ የሚያደላ ነው። ብሩሽ የያዘ ሰው በአንድ ደቂቃ ጨርሶ ይሄዳል፤ መፋቂያ የያዘ ሰው መንገድ እየሄደ፣ እያወራ፣ ታክሲ እየጠበቀ ሩብ ሰዓት ይፍቃል። ጥናቶቹ የሚያወዳድሩት ብዙ ጊዜ ሁለት መሣሪያዎችን ሳይሆን ሁለት የተለያዩ ትዕግሥቶችን ነው። የድድ መሸሹም ከዚሁ ትዕግሥት የመጣ ሊሆን ይችላል፤ ጫፉ በደንብ ሳይታኘክ፣ ጭረቱ ሳይለሰልስ ወደ ጎን አጥብቆ መፈግፈግ ድድን ያሽሻል፤ ጠንካራ ብሩሽም እንዲሁ ያደርጋል። በአጭሩ ለድድ ጤና መፋቂያው በደንብ ከተያዘ የሚናቅ አይደለም። ለመቦርቦር ግን የጎደለው ነገር አለ።

ሳሙናው

የጎደለው ነገር ፍሎራይድ ነው፤ ታሪኩም የሚጀምረው በውበት ሳይሆን በብልሽት ነው። ፍሬደሪክ ማኬይ የተባለ ወጣት የጥርስ ሐኪም በ1901 ኮሎራዶ ስፕሪንግስ ሲገባ የአካባቢው ተወላጆች ጥርስ በልዞ አገኘው። ለሠላሳ ዓመት ምክንያቱን ሲያሳድድ ሁለት ነገር አስተዋለ፦ የሚበልዘው ልጅነቱን እዚያ ያሳለፈ ሰው ጥርስ ነው፤ የበለዘው ጥርስም ብዙ አይቦረቦርም። በ1931 የአንድ የአሉሚኒየም ኩባንያ ኬሚስት የነበረው ቸርችል ውሃውን መርምሮ ፍሎራይድ አገኘበት። ከዚያ ትሬንድሊ ዲን የየከተማውን ውሃና የየከተማውን ልጆች ጥርስ አነጻጽሮ፣ በሊትር አንድ ሚሊግራም አካባቢ ጥርሱ ሳይበልዝ መቦርቦሩ የሚቀንስበት ሚዛን እንደሆነ አሳየ። በጥር 1945 የግራንድ ራፒድስ ከተማ ፍሎራይድ ሆን ብላ ውሃዋ ላይ በመጨመር የመጀመሪያዋ ሆነች። በ1950ዎቹ አጋማሽ ቅመሙ ወደ ሳሙና ገባ፤ ዛሬ የዓለም ሰው ጥርሱን ከመቦርቦር የሚጠብቀው በዋናነት በዚህ መንገድ ነው።

የሳሙናው ማስረጃ ከመፋቂያውም ከጥርስ ክርም ይጠነክራል። የሕክምና ማስረጃ የሚገመግመው የኮክሬን ቡድን ተመራማሪዎች በ2003 ብዙ ሙከራዎችን ደምረው ሲመዝኑት፣ ፍሎራይድ ያለው ሳሙና በልጆችና በወጣቶች ቋሚ ጥርስ ላይ መቦርቦርን በአማካይ 24 በመቶ ገደማ ቀንሷል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ይህንኑ ሳሙና ከመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ ውስጥ አስገብቶታል። ነገር ግን ሳሙና ሁሉ እኩል አይደለም። እኛ ዘንድ ብዙ ሰው የትኛውንም የጥርስ ሳሙና "ኮልጌት" ይለዋል፤ ስሙ አንድ ስለሆነ ውስጡም አንድ ይመስላል። ሳጥኑ ላይ ሊፈለግ የሚገባው ቁጥር በኪሎ ከ1,000 እስከ 1,500 ሚሊግራም ፍሎራይድ የሚለው ነው። ከሰል፣ ዕፅዋት ወይም "ማንጫ" የሚል ሳጥን ይህን ቁጥር ላይይዝ ይችላል። ከሰሉ በተለይ አሸዋማ ከሆነ ገጹን ፍቆ ሊያነጣ ይችል ይሆናል፤ የሚፍቀው ግን ተመልሶ የማይበቅለውን የጥርስ ልባስ፣ ኤናሜልን፣ ነው።

አጠቃቀሙ ላይ ትንሽ የሚመስል ነገር ውጤት ይለውጣል። ከፋቁ በኋላ አረፋውን ተፍቶ በውሃ አለመጉመጥመጥ፣ ቅመሙ ጥርሱ ላይ እንዲቆይ፣ እንግሊዞች ለሕዝባቸው የሚሰጡት ምክር ነው፤ እኛ ዘንድ አፍን ሦስት አራት ጊዜ ሳይጉመጠመጡ ጸዳ ማለት ከባድ ነው። ከሦስት ዓመት በታች ላለ ልጅ የሩዝ ፍሬ፣ ከሦስት እስከ ስድስት ላለ የአተር ፍሬ የምታክል ሳሙና ትበቃለች። ይህ ልክ የተቀመጠው ልጆች መትፋት ስለማይችሉና ስለሚውጡ ነው፤ የሚውጡት ፍሎራይድ ደግሞ ድድ ውስጥ ገና በመሠራት ላይ ያለውን ቋሚ ጥርሳቸውን ሊያበልዘው ይችላል።

የወንጂ ውሃ

የኮሎራዶን ታሪክ የሚያነብ ኢትዮጵያዊ ስለ ራሱ አገር እያነበበ እንደሆነ ይሰማዋል። የስምጥ ሸለቆ ከርሰ ምድር ውሃ በእሳተ ገሞራ ድንጋይ ውስጥ አልፎ ስለሚመጣ፣ ካልሲየሙም ዝቅተኛ ስለሆነ፣ ፍሎራይድ ያለ ገደብ ይሟሟበታል። የዓለም ጤና ድርጅት ገደብ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ሲሆን፣ በሸለቆው ብዙ ጉድጓዶች ይህን ብዙ እጥፍ አልፈው ይገኛሉ። ዶክተር ሬድዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በ1987 ባሳተሙት ጥናት፣ ከተወለዱ ጀምሮ በሸለቆው ከኖሩት ልጆች ከ80 በመቶ በላይ የሚሆኑት ጥርሳቸው እንደበለዘ አገኙ። ወንጂ ላይ ደግሞ ነገሩ ከጥርስ አልፎ አጥንት ውስጥ ገባ፤ ለረጅም ዓመት እዚያ ሲጠጡ የኖሩ የስኳር እርሻ ሠራተኞች ጀርባቸው ደርቆ፣ መገጣጠሚያቸው ተሳስሮ ታዩ።

ዕጣው እንግዳ ነው። የኢትዮጵያ ዘመናዊ ስኳር በ1954 ማምረት የጀመረው በዚሁ ወንጂ ነው፤ ጥርስ የሚበላው ነገርና ጥርስ ያጠነክራል የተባለው ነገር ከአንድ መንደር ፈለቁ።

ለሳሙናው ክርክር ወንጂ የሚጨምረው ቁም ነገር "ፍሎራይድ ጥሩ ነው" ወይም "መርዝ ነው" የሚለው ዐረፍተ ነገር ብቻውን ትርጉም እንደሌለው ነው። በዝናብ ወይም በምንጭ ውሃ የሚኖር የደጋ ልጅ የሚጎድለው፣ የሸለቆው ልጅ የሚበዛበት ሊሆን ይችላል። በጥርስ ላይ ተቀብቶ የሚሠራው ፍሎራይድና ተውጦ በደም የሚሄደው ፍሎራይድም አንድ አይደሉም፤ የመጀመሪያው የሚጠግን ነው፣ ሁለተኛው ሲበዛ የሚያበልዝ። ከስምንት ዓመት ዕድሜ ገደማ በኋላ የፊት ጥርሶች ኤናሜል ተሠርቶ ስላለቀ አዲስ ነዋሪ አዋቂ ጥርሱ አይበልዝም፤ አጥንቱ ግን ከአደጋው አያመልጥም። ውሃውን ለማጣራት አሉሚና፣ የተቃጠለ አጥንት፣ ናልጎንዳ የሚባለው የአሉምና የኖራ ዘዴ ተሞክረዋል። እያንዳንዱ የየራሱ እንከን አለው፤ አጥንቱ ከማን ከብት መጣ የሚለው ጥያቄ ራሱ በጾመኛና በሃይማኖተኛ ማኅበረሰብ ውስጥ ቀላል አይደለም።

ስኳሩ

ስኳር ላይ የተሠራው በጣም ታዋቂው ጥናት በጣም አሳፋሪውም ነው። ከ1947 ጀምሮ በስዊድን ቪፔሆልም በሚባል ተቋም ውስጥ፣ ፈቃድ መስጠት የማይችሉ የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለባቸው ሰዎች ሆን ተብሎ በተለያየ መልክ ስኳር እንዲበሉ ተደረገ። ከምግብ ጋር የሚወሰድ ስኳር ጉዳቱ አነስተኛ ሆኖ፣ በምግቦች መካከል ደጋግሞ የሚታኘክና የሚጣበቅ ከረሜላ ጥርሳቸውን ፈጀው። "ምን ያህል በላህ" ሳይሆን "ስንት ጊዜ በላህ" ነው የሚለው ትምህርት ከዚያ የወጣ ነው።

ዛሬ ግን በዚህ ላይ ስምምነት የለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 ባወጣው መመሪያ ያተኮረው በመጠኑ ላይ ነው፦ ነጻ ስኳር ከዕለቱ ኃይል ከ10 በመቶ በታች፣ ቢቻል ከ5 በመቶ በታች ይሁን ይላል። ሁለቱን መነጠል በተግባር ከባድ ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚቀምስ ሰው ብዙም ይበላል። ለእኛ ኑሮ ግን ድግግሞሹ የሚቀል መለኪያ ይመስላል። ቀኑን ሙሉ በሦስት ማንኪያ ስኳር ሻይ የሚጠጣ ሰው፣ ጫት ይዞ በስኳርና በለስላሳ እያወራረደ ሰዓታት የሚቀመጥ ሰው ጥርሱ ለጥገና ዕረፍት አያገኝም።

ከሁሉ ይልቅ ትኩረት የሚስበው ማስረጃ ከቤተ እስራኤላውያን የመጣ ነው። ከኢትዮጵያ ወደ እስራኤል የገቡት ሰዎች ሲደርሱ የጥርስ መቦርቦራቸው ዝቅተኛ እንደነበር ተመዝግቧል። በ1999 እና በ2005 መካከል አንድ ቡድን ተከታትለው የመረመሩ ሐኪሞች መቦርቦሩ በጥቂት ዓመት ውስጥ እየጨመረ መሄዱን አገኙ። በዚያው ጊዜ ሰዎቹ መፋቂያውን እየተዉ ብሩሽ ይዘዋል። የመሣሪያ ክርክር ብቻ ቢሆን ኖሮ ውጤቱ የመፋቂያ ድል ይመስል ነበር፤ ግን ከመፋቂያው ጋር የቀረው ምግቡም ነው። ጥናቱ ሁለቱን ለያይቶ መፍረድ አይችልም። ብሩሽ መያዝ ብቻውን ከአዲስ ማዕድ እንደማያድን ግን በግልጽ ያሳያል።

በጥርስ መካከልና በድድ ላይ

ብሩሽም መፋቂያም በጥርሶች መካከል አይገቡም። ክር ለዚህ የተሠራ ነው፤ በ2016 የአሜሪካ መንግሥት የአመጋገብ መመሪያ የክሩን ምክር ሳይጠቅስ መቅረቱ ሲታወቅ ክር "ተሻረ" ተብሎ ተወራ። አልተሻረም፤ ደካማ የሆነው ማስረጃው ነው። በ2019 የወጣ የኮክሬን ዳሰሳ በጥርስ መካከል ማጽዳት ብሩሽ ብቻ ከመጠቀም ይልቅ የድድ መቆጣትን ሊቀንስ እንደሚችል ይናገራል፤ መቦርቦርን ግን እንደሚቀንስ አላሳየም። የእኛው ስቴኪኒ ከጥሬ ሥጋ በኋላ የሚያስወጣው የተሰነቀረውን እንጂ የተጋገረውን ስላይደለ የክሩን ቦታ አይተካም።

ሁለት ልማዶች በአጭሩ። ድድ መነቀስ ውበት ነው፣ ድድ ያጠነክራል የሚል እምነትም አለው፤ ጥቁሩ ቀለም ግን የሚቀላ ድድን ይሸፍናል፣ ስለዚህ የተነቀሰች ሴት ማየት ያለባት ቀለሙን ሳይሆን መድማቱን ነው። ግግ ማስወጣት ሌላ ነገር ነው። ሕፃን ሲያስቀምጠውና ሲያተኩሰው ድዱ ውስጥ ያለውን የጥርስ እምቡጥ በቢላዋ ወይም በሽቦ መፈልቀቅ፣ ከሥሩ ያለውን ቋሚ ጥርስ ያበላሻል፣ ሕፃኑን ለኢንፌክሽን ይዳርጋል። በዚህ ላይ በሐኪሞች መካከል የሚነሣ ክርክር የለም።

ክፍት የቀረው

ክርክሩ ዛሬ የሞቀው በውሃው ላይ ነው። አሜሪካ ከ2015 ወዲህ ለውሃዋ የምትመክረው በሊትር 0.7 ሚሊግራም ፍሎራይድ ነው። በ2024 የአገሪቱ ብሔራዊ የቶክሲኮሎጂ ፕሮግራም ባወጣው ዘገባ፣ ከ1.5 በላይ ፍሎራይድ ያለው ውሃ ከልጆች የአእምሮ ብቃት መቀነስ ጋር እንደሚያያዝ በመካከለኛ እርግጠኝነት ገለጸ፤ ስለ 0.7 ግን ለመፍረድ ማስረጃው አይበቃም አለ። በ2025 ዩታና ፍሎሪዳ መጨመሩን አገዱ። ካናዳዊቷ ካልጋሪ ግን በ2011 አቁማ፣ የልጆቿ መቦርቦር አሳስቧት በ2025 እንደገና ጀመረች። የቶክሲኮሎጂው ዘገባ መሠረት ካደረጋቸው ጥናቶች ብዙዎቹ የመጡት እንደ ስምጥ ሸለቆ ውሃቸው በተፈጥሮ ከበዛባቸው አካባቢዎች ነው። ስለዚህ ክርክሩ ከዩታ ቧንቧ ይልቅ ለወንጂ ጉድጓድ የቀረበ ነው፤ ድምፁ ግን ከዩታ ነው የሚሰማው።

ለሸለቆው ልጅ ሳሙናውም አንድ ወጥ መልስ የለውም። ውሃው ብዙ ፍሎራይድ ከያዘ፣ ፍሎራይድ የሌለው ሳሙና ይሰጠው የሚሉ አሉ፤ በዚያ ውሃ ዋናው ጭነት ከጉድጓዱ ነውና ሳሙናው በአተር ፍሬ ልክ ይቅር እንጂ አይከልከል የሚሉም አሉ። ሁለቱም የሚስማሙት መጀመሪያ ውሃው ይለካ በሚለው ላይ ነው።

መፋቂያውንና ሳሙናውን ማስታረቅም ተሞክሯል። በስዊድንና በሳዑዲ የሚሠሩ ተመራማሪዎች ምስዋክን በፍሎራይድ ነክረው፣ እንጨቱ ቅመሙን ይዞ አፍ ውስጥ እንደሚለቀው በ2008 አሳዩ። በ2011 ደግሞ የጥርስ ሽቦ ያወለቁ ሰዎች ጥርስ ላይ የቀሩት ነጫጭ የመሟሟት ምልክቶች በነከሩት ምስዋክ ሲፋቁ ካልተነከረው ይልቅ እንደቀነሱ አሳተሙ። ሙከራዎቹ የተሠሩት በምስዋክ ላይ ነው፤ የወይራ እንጨት ከምስዋክ ይደድራል፣ ጭረቱም ይለያል፣ ምን ያህል ቅመም እንደሚጠጣ የሚታወቀው ራሱ ወይራው ሲነከር ነው።